ድንኳኑ የት ይተከላል? በመሀል ከተማ ሊሠሩ ስለታሰቡ ፎቆች የቀረበ ንግግር

እናቶች፣ አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናንተም ገና ንድፍ መሥራት የጀመራችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ለቆማችሁ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ፤ ቶሎ አልጨርስም።

የተጋበዝኩት ስለ ፎቅ እንድናገር ነው። መሀል አዲስ አበባ ላይ ረጅም የሆቴል ወይም የቢሮ ሕንፃ ሊሠራ ነው ሲባል ሰው ምን ይላል? ይህንን ነው የጠየቃችሁኝ። እኔ ይህንን ከሁለት በኩል ሰምቼዋለሁ። ሰንጋ ተራ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ተወልጄ ያደግሁት። ሰፈራችን ለልማት ሲነሣ ከእናቴ ጋር ዕቃ ጭነን ወጥተናል። ከዚያ ተምሬ መሐንዲስ ሆንኩ። የሌላ ሰው ሰፈር በተነሣበት ቦታ ላይ ቆሜ ኮንክሪት አስሞልቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሌሎች ብቻ አይደለም።

የአንድ ስብሰባ ታሪክ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ነው። አንድ አሮጌ ሰፈር ላይ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ታስበው ነበር። አንዱ ሆቴል፣ አንዱ ቢሮ፣ ከሥራቸው ደግሞ ሱቆች። እኔ ከአማካሪው ድርጅት ወገን ነበርኩ። ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ተሸክመን ወደ ወረዳው አዳራሽ ሄድን። መብራት ጠፋና ጠበቅን። ሰው ግን አልሄደም። እናቶች ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቁጭ ብለዋል። መብራቱ መጣ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ሰማያዊ መስታወት፣ ሣር፣ ፏፏቴ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ እንግዶች። አዳራሹ አጨበጨበ። ከልቡ ነው ያጨበጨበው።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። መጀመሪያ አንድ ወጣት ተነሣ። «ሥራው ለኛም ነው? ወይስ ጥበቃ ብቻ ነው የምንቀጠረው?» አለ። ቀጥሎ የቀበሌ ሱቅ የተከራየ ሰው ተነሣ። ሃያ ዓመት ዳቦና ሸቀጥ የሸጠባት ሱቅ ናት። «ከሥር የሚሠሩት ሱቆች ኪራያቸው ስንት ነው?» አለ። ለእነዚህ ተዘጋጅተን ነበር። መልስ ሰጠን፤ ጥሩ መልስ ነበር ግን አልልም። በመጨረሻ ከመሀል አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ ሥዕሉ እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ በጣም ያምራል። እግዚአብሔር ያስፈጽማችሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ድንኳኑ የት ይተከላል?» አሉኝ።

እኔ የምረቃ ድንኳን መሰለኝ። «የምረቃው ዕለት እዚህ ፊት ለፊት…» ብዬ ጀመርኩ።

«አይ፣ የለቅሶ ድንኳን ነው የምልሽ» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። መልስ አልነበረኝም። በእድር ድንኳን ሥር አባቴን የቀበርኩ ልጅ፣ የእድር ድንኳን የሌለበት ንድፍ ይዤ ቆሜያለሁ። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ማስታወሻው ላይ «ሌሎች አስተያየቶች» ብሎ ጻፈ። በኋላ የወጣው ቃለ ጉባኤ «ኅብረተሰቡ ፕሮጀክቱን በደስታ ተቀብሎታል» ይላል። እኔም ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ ጥያቄ ለምን ከበደኝ? ሰው ሲሞት በዚህ ከተማ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጡሩምባው ይነፋል፤ አሁን አሁን በስልክ ሆኗል። ጎልማሶቹ ድንኳኑን ከእድር ቤት ያወጣሉ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ይመጣል። ሠልስቱ እስኪወጣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከደጅ ነው። ደጅ ከሌለ ድንኳን የለም። ድንኳን ከሌለ እድሩ የገንዘብ መዋጮ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ ሄጄ ለካሁ። የኛ የድሮ እድር ድንኳን አምስት ሜትር በአሥር ሜትር ነው። ሃምሳ ካሬ። ለባለሙያዎቹ በሚገባን ቋንቋ ልንገራችሁ፤ አራት መኪና የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው። በዚያ ንድፍ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ በብዙ መቶ ተቆጥሮ ነበር። አራቱን ለለቅሶ መተው የሚከብድ ነገር አልነበረም። ማንም አልከለከለንም። ማንም ስላልጠየቀን ብቻ ነው ያልተውነው።

የኮንዶሚኒየሙን ንድፍ ያወጡ ባልደረቦቻችን ይህን በከፊል አስበውት ነበር። በየግቢው ሰዎች በጋራ የሚያበስሉበት፣ በግ የሚያርዱበት፣ የሚሰባሰቡበት ቤት ሠርተዋል፤ ኮሚናል የምንለውን። አንዳንዱ ግቢ ውስጥ በደንብ ይሠራል፣ አንዳንዱ ውስጥ ሱቅ ሆኗል ወይም ተቆልፏል። ቢሆንም የኑሮውን ልማድ ያየ ሰው እንደነደፈው ያስታውቃል። መሀል ከተማ ላይ ሆቴልና ቢሮ ስንሠራ ግን ይህን ጥያቄ ትተነዋል። እዚያ የሚኖር ሰው እንደሌለ ቆጥረን ይመስለኛል።

አሁን አንድ ነገር ላስተካክል። «ሕዝቡ ፎቅ አይወድም፣ ለውጥ ይፈራል» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በየካቲት 2014 ሲመረቅ ታስታውሳላችሁ። ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ በአገራችን ረጅሙ ሕንፃ ነው። ያን ሰሞን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማታ ማታ የሚቆመው ሰው ብዛት! ቤተሰብ ልጁን ይዞ ይመጣል። ሊስትሮው ዕቃውን አስቀምጦ ፎቶ ይነሣል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሳይቀር «አዲሳባ እኮ አማረባት» ይላል። ዋሺንግተን ያሉት ዘመዶቼ ፎቶውን አይተው «ይሄ በእውነት እኛ አገር ነው?» ብለው ደውለውልኛል። ይህ ኩራት የውሸት አይደለም። እኔም ኮርቻለሁ።

እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ማታ በረንዳ ላይ ትወጣለች። ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ያ ሕንፃ ከሩቅ ይበራል። እንግዳ ሲመጣ በጣቷ ታሳያለች። «አየሽ ያንን መብራት? ከሱ አጠገብ ነው የኛ ቤት» ትላለች። «ነበር» አትልም። እኔም አርሜአት አላውቅም።

ስለዚህ ሰው ሥዕል ሲያይ የሚያጨበጭበውም፣ የሚያጉረመርመውም ያው አንድ ሰው ነው። ጭብጨባው ለከፍታው ነው። ማጉረምረሙ የሚጀምረው ዓይኑ ወደ ሥር ሲወርድ ነው። በር ወዴት ነው? ቡና የምታፈላዋ ልጅ የት ትቀመጣለች? ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት አቋራጭ ይዘጋል ወይ? የፎቁ ራስ የባለሀብቱ ነው። እግሩ ግን የሰፈሩ ነው። ሰው የሚጠይቀው ስለ እግሩ ነው።

ስለ ፀሐይም ጠይቀውኛል። ይህኛው በጣም ያስገረመኝ ጥያቄ ነበር፤ ትምህርት ቤት አልተማርኩትምና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ጠዋት ይበርዳል። በታኅሣሥ ሽማግሌዎች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፤ ወንበር አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጨቅላ ያላት እናት ልጇን ይዛ ትወጣለች። አንድ አባት «ፎቁ ፀሐያችንን ይወስዳል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ የ200 ሜትር ሕንፃ ጥላ ከ300 ሜትር በላይ ይዘረጋል። ከሰሜን ምዕራብ በኩል ያለ ሰፈር ካለ ጠዋቱ ያልፍበታል። ጥላው ይዞራል፣ ቀኑን ሙሉ አይቆይም። ግን እኚያ አባት የሚፈልጉት ያችኑ የጠዋት ሰዓት ነው። ሕንፃውን ሃያ ሜትር ወዲያ ማስጠጋት አንዳንዴ ይበቃል። ለዚህ ደግሞ ጥላውን ካርታ ላይ መሣል ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ በደቂቃ ይሠራዋል። የጥላ ካርታ ለነዋሪ ሲታይ ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ስለ መስታወቱ በአጭሩ። የከተማችን አየር ለሰው ልጅ የተመቸ ነው። መስኮት ከፍቶ መሥራት ይቻላል። እኛ ግን ከላይ እስከ ታች በመስታወት እንሸፍነውና ውስጡ ሲግል ማቀዝቀዣ እንገጥማለን። መስታወቱም ማቀዝቀዣውም በውጭ ምንዛሬ ይመጣል። ፀሐይና ዝናብን አስበው የተሠሩ ሕንፃዎች እኮ እዚሁ መሀል ከተማ አሉን። ቸርችል ጎዳና ወርዳችሁ ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ ተመልከቱት። ተማሪዎች፣ ነገ ሄዳችሁ ዙሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መቼ ነው ሰውን የምንጠይቀው?

ብዙ ጊዜ እኔ ያልኳችሁ ዓይነት ስብሰባም የለም። ሰው ዜናውን የሚያገኘው ከአጥር ነው። ጠዋት ሲነሣ ቆርቆሮ ታጥሯል። ቆርቆሮው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። የፎቁ ቁጥር ተጽፏል፣ የሆቴሉ ኮከብ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ለማንም አይጠቅምም። መሠረቱ ተቆፍሯል፣ ብድሩ ተፈቅዷል፣ ነዋሪው ሄዷል። ያን ጊዜ ቅሬታው ቁጣ ይሆናል። ከዚያ እኛ «ሕዝቡ ልማት አይወድም» እንላለን።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ያላነበባችሁ አንብቡት። ስለ መሬት ይዞታ መልቀቅ፣ ስለ ካሳና ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ የወጣው ነው። የሚነሡ ባለይዞታዎችን፣ ቦታውን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ማወያየት ግዴታ ነው ይላል። ለአስቸኳይ ጉዳይ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም ያነሣል። እዚህ ላይ ነው ሥጋቴ። «አስቸኳይ» የምትለው ቃል በር ናት፤ ሁሉም በዚያች በር ከገባ ዓመቱ ለማን ቀረ? ያው አዋጅ ደግሞ ባለይዞታዎች ፕላኑ በሚፈቅደው መሠረት በግልም ሆነ በጋራ የማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል። ጎረቤቶች ተሰብስበው በራሳቸው መሬት ላይ ፎቅ መሥራት ይችላሉ ማለት ነው። ስንቶቹ ይህን ያውቃሉ? ቤታቸው ሲለካ የነገራቸው ሰው አለ?

ሌላም ችግር አለ። መሀል ከተማችን በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ነው። ምክንያቱን ሽማግሌዎቹ ያስታውሱታል፤ በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ስለዚህ አምሳ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው፣ ልጅ የዳረ፣ ወላጅ የቀበረ ሰው፣ በሕግ ዓይን ተከራይ ነው። ባለይዞታ አይደለም። የማልማት ቅድሚያው እሱን አይመለከትም። ምትክ ቤት ቢሰጠው እንኳ በንድፉ ላይ አፍ የለውም። እኔ የምለው፣ ድምፅ የሚሰጠው የይዞታ ካርታ ላለው ብቻ መሆን የለበትም። ለኖረም ይገባል።

በኅዳር 2011 የለገሃር ፕሮጀክት ይፋ ሲሆን የነበረውን ወሬ አስታውሳለሁ። ቦታው 36 ሄክታር ነው። አልሚው ከአቡዳቢ የመጣው ኢግል ሂልስ ነው። ሆቴል፣ ቢሮ፣ መኖሪያ፣ ሁሉም አለበት። በዚያ ቀን ሰው አፍ ላይ የነበረው ግን ስለ ፎቁ አልነበረም። «ነዋሪው አይነሣም፣ እዚያው ቤት ይሠራለታል» የተባለው ነበር። እናቴ ሬዲዮ ላይ ሰምታ ደወለችልኝ። «እውነት ነው?» አለችኝ። እሷ እኮ ከወጣች ቆይታለች፣ ለሷ የሚለውጠው ነገር የለም። ግን ድምፅዋ ውስጥ የሰማሁት ደስታ ነበር። አንድ ቃል፣ ገና አንድ ጡብ ሳይቀመጥ፣ የሰውን ስሜት እንዴት እንደሚያዞር ያን ዕለት ገባኝ። ያን ቃል ወደ ሌሎቹም ሰፈሮች መውሰድ ነበረብን። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሡ ስንቱ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ገላን ጉራ የሄዱ ወዳጆች አሉኝ። ቤቱ ከቀድሞው ይሻላል ይላሉ፤ ሽንት ቤቱ የግል ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ይህን መደበቅ አይገባም። የጎደለው ሌላ ነው። እንጀራ እየጋገረች ለካዛንቺስ ሆቴሎች ታቀርብ የነበረች ሴት፣ አሁን ሆቴሉ ከምድጃዋ ራቀ። ምጣዱ አለ፣ ገበያው የለም።

ከሥራ ጥያቄው ጋር እዚህ ላይ እንገናኛለን። ያ ወጣት «ጥበቃ ብቻ ነው ወይ?» ያለው በቀልድ አልነበረም። ትልቅ ሆቴል ብዙ ሰው ይቀጥራል። ወጥ ቤት፣ መስተንግዶ፣ ልብስ እጥበት፣ ጥገና፣ ሒሳብ። ግን ሥልጠናው ከሕንፃው ጋር አብሮ ካልተጀመረ፣ በሩ ሲከፈት የሰፈሩ ልጅ የሚችለው ሥራ በሩን መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ሕንፃ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል። አንድ ልጅ ምግብ ዝግጅት ተምሮ፣ ተለማምዶ፣ ሰርተፊኬት ይዞ ለመጠበቅ በቂ ጊዜ ነው። ባለሀብቶች ዛሬ እዚህ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። መሠረት ስትቆፍሩ ምዝገባውን ጀምሩ። ለእናንተም ይሻላችኋል፤ በዘመዱ ሰፈር የሚሠራ ልጅ ጥሎ አይሄድም።

የከተማችን መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን በዚያ አረንጓዴ ውስጥ ሣሩን «አትርገጡ» የሚል ሰሌዳ ከተተከለበት ለሰፈሩ ምን ጠቀመው? ዛፍ ሥር አግዳሚ ይኑር። ውኃ ይኑር። ጉልት የምትቸረችረዋ እናት ደንብ አስከባሪ ሳያባርራት የምትቀመጥበት ጥግ ይኑር። ሌላው ደግሞ ስም ነው። ሰንጋ ተራ የከብት ገበያ ካየ ስንት ዘመኑ ነው፤ ስሙ ግን አለ። ለገሃር ባቡሩ ያመጣው ስም ነው፣ ካዛንቺስ ጣሊያን ለሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች የተረፈ ስም ነው። አዲሱ ሕንፃ የፈለገውን ይጠራ፤ የታክሲ ረዳቱ የሚጣራውን ግን አትንኩብን።

እኔ ከእንግዲህ ወስኛለሁ። ነዋሪው ያላየው ንድፍ ላይ አልፈርምም። ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ ሥራ አሳጥቶኛል። ወጣት ባልደረቦቼን እንደኔ አድርጉ ብዬ አላዝም፤ ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ግን ወረዳ አዳራሽ ስትገቡ «ሌሎች አስተያየቶች» የሚለውን ርዕስ ከማስታወሻችሁ አውጡት። የተባለውን በተባለበት ቃል ጻፉት። «ድንኳኑ የት ይተከላል?» ካሉ፣ እንዲሁ ብላችሁ ጻፉ። ቃለ ጉባኤውን ከመፈረማችሁ በፊት ለጠየቁት ሰዎች አንብቡላቸው።

እኚያ እናት አሁን የት እንዳሉ አላውቅም። ፈልጌአቸው ነበር። ሰፈሩ ተበትኗል፣ እድሩም ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሏል። መልሱን ግን ይዤ መጥቻለሁ። ከኋላ፣ ቡናው በተዘጋጀበት ጠረጴዛ ላይ፣ ቀጥሎ ለሚሠራው ቦታ ያወጣነውን ንድፍ ዘርግቼዋለሁ። ገና ምንም አልታጠረም። የጠዋቱን ጥላ በግራጫ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ከሰሜን በኩል ባለው መግቢያ አጠገብ አምስት በአሥር የሆነ ቦታ በነጥብ መስመር ከብቤአለሁ። ትክክለኛው ቦታ እሱ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ንፋስ ሊበዛበት ይችላል። የሰፈሩ ሰዎች እዚህ አላችሁ፣ የእድር ዳኞችም አይቻለሁ። እርሳስ አስቀምጫለሁ፣ ላጲስም አለ። ቡናችሁን ይዛችሁ ኑና አሳዩኝ።